አራት ጓጉንቸር ያሰረው የላንጋኖ ጉዞ

ገረሱ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ያልረገጠው ከተማ የለም። ሚስቱ ሸዋገነት ግን ከኮልፌ ተነስታ የሄደችበት ሩቅ አገር ቡራዩ ነው፤ እሱም ለለቅሶ። ስለዚህ ሰውየው ጡረታ ወጥቶ አሮጌ ሚኒባስ ገዛና ወንበሩን ነቃቅሎ አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ ሲያስገባበት፣ «ላንጋኖ ወስጄ ሐይቅ ዳር አሳድርሻለሁ» ሲላትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልቅሳለች።

ምን ዋጋ አለው! መኪናው ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ደጃፋቸው በቆመ በሦስተኛው ቀን፣ ገረሱ ምሳ ሊበላ ገብቶ ሲወጣ የግራው ስፖኪዮ የለም። በጠራራ ፀሐይ! ከዚያ ወዲህ ሰውየው ለየለት። በአዲሱ ስፖኪዮ፣ በመስታወቱና በመብራቱ ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስቀረጸ። ይህስ የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ በድስቱ ክዳን ላይ ማስቀረጹ ግን የራሱ ፈጠራ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሸዋገነት።

አልሰማትም። አራት ጓጉንቸር ገዛ፤ ለፊት በር፣ ለኋላ በር፣ ለመሪው ሰንሰለት፣ ለጎማው ሰንሰለት። ቁልፎቹ አንድ ቤት ከተገኙ ደግሞ ሌባው አንድ ጊዜ ነው የሚለፋው ብሎ በተናቸው። የፊት በሩን ለባለሱቋ ለኤቢሴ፣ የኋላውን ለበያጁ ለሁንዴ፣ የጎማውን ለዕድሩ ዳኛ ለወልደሰንበት «የሰማይ የምድር አደራ» ብሎ ሰጠ። የመሪውን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ።

ጉዞው ግን አልተጀመረም። ሸዋገነት ሁለት ጊዜ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። አንዴ «አላርም ላስገጥም» አላት፤ አንዴ «እዚያ ጥበቃ መኖሩን ላጣራ»። አምስት ወር አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች።

«ዛሬ ነው፣ ገረሱ። ዛሬ ካልሄድን መናኸሪያ ሄጄ ብቻዬን እሳፈራለሁ። አንተ ከመኪናህ ጋር ተቀመጥ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ገረሱን ያስደነገጠውም ይኸው ነው፤ ቁልፍ ፍለጋ ሮጠ።

ኤቢሴ ቁልፉን ከደርዘን እንቁላል ጋር ይዛ መጣች። ሁንዴም የእሱን አመጣ። ወልደሰንበት ግን የለም! አስኮ ሽምግልና ተልኮ ሴት ልጅ ሊጠይቅ ሄዷል፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። ስልኩ ተዘግቷል፤ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ገብቶ ስልክ አያነሳም።

«እስከ ማታ እንጠብቀው» አለ ገረሱ። ሸዋገነት ሻንጣዋን አነሳችና ወደ ፌርማታው መንገድ ጀመረች። ልቧ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ተሰብሮ ነበር።

«እትዬ ሸዋ፣ አንዴ ይቁሙ!» ሁንዴ የብረት መቁረጫውን ከብየዳ ቤቱ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እንዳትነካው!» አለ ገረሱ። «የጀርመን ብረት ነው፤ ማሽንህን ይሰብረዋል።»

«እስቲ ልሞክረው፣ ጋሼ።»

ፍንጣሪው ብልጭ አለ። ኤቢሴ ጆሮዋን ይዛ ገና ፊቷን ሳታዞር ጓጉንቸሩ ለሁለት ተከፍሎ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወደቀ።

ገረሱ ብረቱን አየ፤ ሁንዴን አየ። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ታዲያ አምስት ወር ሙሉ መኪናውን ማን የጠበቀው መሰለዎት?» አለች ኤቢሴ። «እኔ ነኛ! ከሱቄ በር ሆኜ ዓይኔን ከሱ ነቅዬ አላውቅም። ባለፈው አንዱ ሲጠጋው ገና ጮኼ ሰፈሩን አላስወጣሁም?»

ገረሱ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። ሸዋገነት እንዲህ ሲስቅ ካየችው ስንት ዘመኗ! ቁጣዋ ሁሉ ጠፋ። መሪውን ከፈተና ሞተር ሊያስነሳ ሲል ግን እጁ ቆመ።

«ላንጋኖ እኮ ኤቢሴ የለችም፣ ሸዋዬ።»

«እዚያም ሰው አለ» አለችው አጠገቡ ተቀምጣ ቀበቶዋን እያሰረች። «ስንደርስ እንተዋወቃለን።»

ከቀትር በኋላ ደረሱ። ገረሱ መኪናውን አስተካክሎ ሳያቆም እሷ ከሁለት ዓሣ አጥማጆችና ዓሣ ከምትጠብስ ሴት ጋር ተዋውቃ፣ የሴትየዋን የልጆች ብዛት አውቃ ነበር። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ውሃው ውስጥ ገባች። ሞቅ ያለ ነው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ማንም ይይ ማን፣ እልል አለች።

ገረሱ ከመኪናው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ሱሪውን ሰብስቦ ተከተላት።

«በሩን ቆለፍከው?» አለችው።

ወደ ኋላ ዞረ። መጋረጃው በተከፈተው በር ወጥቶ ይውለበለባል፤ ዓሣ ጠባሿ ከጥላዋ ሆና እጇን አወዛወዘችለት።

«ረሳሁት» አለ ገረሱ፤ የሸዋገነትን እጅ ይዞም ውሃው እስከ ጉልበታቸው እስኪደርስ አብረው ወደ ውስጥ ገቡ።