የጎደሉት ስምንት ገጾች

ሰኪና ገጽ 212ን ስትገልጥ ቀጥሎ ያገኘችው የጀርባ ሽፋኑን ነበር። ወሎ ሰፈር ከአዟሪ የገዛችው አሮጌ ልቦለድ መጨረሻው ተገንጥሏል፤ ሽፋኑ ላይ ግን 220 ገጽ ይላል። ታሪኩ የተቋረጠበት ላይ ፖስተኛው በስህተት እጁ የገባውን ደብዳቤ ይዞ ሴትየዋ በር ላይ ቆሟል፤ ያንኳኳ አያንኳኳ አይታወቅም።

ኢምፔሪያል አካባቢ ሴራሚክ ከምትሸጥበት ባንኮኒ ጀርባ ሆና ስልኳን አወጣች። ሐሙስ ሐሙስ በቴሌግራም ቻናሏ ያነበበችውንና ያሳቃትን ትጽፋለች። ተከታዮቿ ስልሳ ሦስት ናቸው።

"የሳምንቱ ሳቅ፦ ታክሲ ገብታ አልወርድም ያለች ፍየል። ረዳቱ 'ሒሳብ!' ሲላት እንዴት እንደምታየው ቪዲዮውን ተመልከቱ። የሳምንቱ ንባብ፦ ጉድ ሆኛለሁ፤ መጨረሻው የለም! ስምንት ገጽ ጎድሏል። ያነበበ ካለ በአላህ ይንገረኝ!"

የሽፋኑን ፎቶ ከሥሩ ለጠፈች። ብዙም ሳይቆይ ሁለት መልስ መጣላት። አንዱ "ደብዳቤውን ቀደደው" አለ። ሌላው "ኧረ አገባት!" ብሎ ማለ። ሁለቱንም አላመነቻቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ሶሬቲ የምትባል ተከታይ በውስጥ መስመር ስልኳን ጠይቃ ደወለች። የተሰማው ግን የአሮጊት ድምፅ ነበር።

"የሶሬቲ አያት ነኝ፣ ሉሊት እባላለሁ። መጽሐፉ እኔ ቤት አለ፤ ሙሉው።"

"እውነትዎን ነው? መጨረሻው ምን ይሆናል?"

"ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነኝ። ነይና ራስሽ አንብቢው፣ ልጄ።"

የሱቁ ባለቤት ሃይደር ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን ይዘጋል። "ስምንት ሰዓት ላይ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ፤ እንዳታረፍጂ" አላት። እሷ ታክሲ ተሳፈረች።

ሶሬቲ በሩን ከፈተችላትና ወደ ትምህርቷ ሮጠች። እማማ ሉሊት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ሰኪና ተቀብላ እንደቆመች ገጽ 213ን ፈለገች።

"እርስዎ መቼ አነበቡት፣ እማማ?"

"ያረምኩት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት አራሚ ነበርኩ።"

"ታዲያ መጨረሻውን ያውቁታላ!"

"ስህተቶቹን ነው የማውቀው" አሉ እየሳቁ። "አራሚ ፊደል ፊደሉን ነው የሚያየው፤ ታሪኩን መቼ ያነባል? ጡረታ ስወጣ ተደላድዬ አነበዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ዓይኔ ግን ቀድሞኝ ደከመ።"

"ሶሬቲስ አታነብልዎትም?"

"ያንቺን ታነብልኛለች። በፍየሏ ስንስቅ ነበር። መጽሐፍ ስላት ግን 'ኦዲዮ የለውም?' ትለኛለች። በይ፣ የመጣሽበትን አንብቢ፤ እኔ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።"

ሰኪና ሰዓቷን አየች። ሰባት ከሩብ ነው። ስምንት ገጽ ለብቻዋ ብታነብ አሥር ደቂቃ አይፈጅባትም። የገጽ 213 የመጀመሪያ ቃል "በሩ" ይላል። በሩ ምን ሆነ? ዓይኗ ወደሚቀጥለው ቃል ሊሄድ ሲል መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠችው።

"ምዕራፍ አንድ" አለች ጮክ ብላ።

እማማ ሉሊት ቀና አሉ። "እንዴ፣ የፈለግሽው መጨረሻውን አልነበረም?"

"ዛሬ እስከ ገጽ አሥር እንደርሳለን። የቀረውን ዓርብ ዓርብ እየመጣሁ" አለችና ማንበብ ጀመረች።