በጋቢ የተጠቀለለው ባትሪ

የታንጉት መቶ ሃያ እንቁላሎች ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሮቢት ላይ መብራት ጠፋ። ጠዋት ነው የጠፋው፤ ሰው ሁሉ «ይመጣል» እያለ ሥራውን ቀጠለ። እሷ ግን የማስፈልፈያው ማሽን አጠገብ ቁጭ ብላ ሙቀት መለኪያውን ስታይ ዋለች። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ በእጇ እያገላበጠች ነው እዚህ ያደረሰቻቸው፤ ያውም የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ መነሳት መቀመጡ ራሱ ሥራ ሆኖባት። ቀኑንስ የሮቢት ሐሩር ይይዝላታል። ጉዱ ፀሐይ ስትገባ ነው።

ባሏ ዋሲሁን ግን ቅንጣት አልደነገጠም። ይሄ ሰውዬ ቆጣቢ ነው፣ ያውም ለጉድ። አዲስ ጫማ ገዝቶ አሮጌው እስኪበጠስ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ዓይነት ነው፤ ጎረቤቱ «ነገ» የሚል ስም አውጥቶለታል። የዛሬ ሦስት ዓመት የመስመር መብራት ሲመለስ የሶላሩን ባትሪ ፈትቶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ታንጉት «ለሬዲዮ እንኳ እንጠቀምበት» ስትለው መልሱ አንድ ነበር፦ «ለክፉ ቀን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ጋቢውን ገልጦ፣ ባትሪውን አወጣና ገመዱን አሰረ። ምንም የለም። ፈትቶ እንደገና አሰረው። ማሽኑ ቀርቶ ትንሿ አምፖል እንኳ ብልጭ አላለችም።

የአጥር ጎረቤታቸው ታሂር ከመስመሩ አልገባም ብሎ በሶላሩ የቀረ ሰው ነው። ዋሲሁን «ፀሐይ ለማኝ» እያለ ሲያበሽቀው ኖሯል። የቸገረው ምን ያደርጋል፣ ሄዶ ጠራው። ታሂር ባትሪውን በመለኪያ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«መቼ ነው የሞላኸው?»

«ምን ብዬ እሞላዋለሁ? አልተነካም እኮ።»

«እሱ ነዋ የገደለው። ላም ካልታለበች ትነጥፍ የለም እንዴ? ባትሪም ሳይሞላ ሳይሠራ ከተቀመጠ ያው ነው። የኔው ስድስት ዓመቱ፤ ወላሂ አንድ ቀን አርፎ አያውቅም።»

ታንጉት ታሂር ፊት መሆኗንም ረሳች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ነው የቆለፍክብኝ?» አለችው። «እንቁላሎቼን ጨረስካቸው። አንተ ብሎ ቆጣቢ።» ዋሲሁን ቀና ብሎ አላያትም።

«አብሽሪ እታለም» አለ ታሂር። «ከኔ ቤት ገመድ እስባለሁ። ሚስቴ ራቢዓ ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥበትን ፍሪጅ ታጠፋዋለች፤ የአውቶቡስ መንገደኛ ሦስት ቀን ሞቅ ያለ ውሃ ቢጠጣ አይሞትም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገመዱ በአጥሩ ላይ አልፎ ማሽኑ ሠራ። ታንጉት እፎይ አለች፤ ከባሏ ጋር ግን አልተነጋገረችም። እሱ ባትሪውን መልሶ በጋቢ ሊጠቀልለው ሲል አየችውና ደሟ ፈላ።

«ደግሞ ለየትኛው ክፉ ቀን ነው?»

ዋሲሁን እጁን ሰበሰበ። «ለእንቁላል ብዬ አልነበረም ያስቀመጥኩት» አለ።

«ታዲያ ለምን?»

«ላንቺ ነው። በዚያ በጦርነቱ ጊዜ፣ መብራት የለ፣ መንገድ የለ፣ በኩራዝ ስትወልጂ... አዋላጇ ደም እየፈሰሰሽ መሆኑን ያወቀችው እጇ ሲርስ ነው። ልትሞቺብኝ ነበር። ሶላሩን የገዛሁት ለዚያ ነው። ሁለተኛ በጨለማ አትወልድም ብዬ ነው የማልኩት።»

ንዴቷ አልወጣላትም፤ ሆዷ ግን ባባ። የዛሬ ወር ታያት፤ እሷ ስታምጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ እሱም እርግጠኛ ሆኖ ወደ ሣጥኑ ሲሮጥ።

«ዋሲሁን» አለች፣ «እንኳን ዛሬ ከፈትከው።»