የወደቀ ግመል አነሳስ

አብዱረሂም ከአሊዩ አምባ እስከ አዋሽ ማዶ ግመል ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። ጭነት እንደያዘ የወደቀ ግመል ማንሳት እንደሱ የሚችልበት የለም እየተባለ አገር ሲያመሰግነው ኖሯል። ምስጋናም ሰው ያበላሻል።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ማግስት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ የጦር አውሮፕላን ሞተሩ ጠፍቶበት ሸዋ ሮቢት አጠገብ ማሽላ እርሻ ላይ ወረደ። ቀኝ ጎማው መረሬ አፈር ውስጥ ሰጥሞ ክንፉ ወደ መሬት አዘነበለ። የጣሊያኖቹ አለቃ ባለግመል ሁሉ መጫኛውን ይዞ እንዲመጣ አዘዘ፤ ለጉልበት ደግሞ እስረኞች አስወጣ። ለአርበኞች እህል አሻግረሃል ተብሎ የታሰረው ሳልህ፣ የአብዱረሂም ታናሽ ወንድም፣ ከእስረኞቹ አንዱ ነበር።

"አውሮፕላኑ ሳይሰበር ከተነሳ ወንድምዎን እለቃለሁ ይላል" አለ አስተርጓሚው ንጉሤ። "ከተሰበረ ግን ሁለታችሁንም እሰቅላለሁ ነው የሚለው።"

መካኒኩ፣ አንድ ዝምተኛ ጣሊያን፣ ከክንፉ ሥር ሳንቃ አንጥፎ ክሪክ አቆመ። ጥቂት ያዞራል፤ ክንፉ ትንሽ ከፍ ሲል ሳልህ በደረቱ ተስቦ ይገባና ግንድ ያነባብራል፤ መካኒኩ እንደገና ጥቂት ያዞራል። የአውሮፕላኑን ጅራት ማንም እንዳይነካ በእጁ አሳያቸው። ሥራው የኤሊ ጉዞ ሆነ። በአንኮበር በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናብ ከወረደ መረሬው አውሮፕላኑንም የወንድሙንም ነፍስ እንደሚውጥ አብዱረሂም ገባው። ወደ አስተርጓሚው ተጠጋ።

"ንጉሤ፣ ንገረው እስቲ! ግመል ከፊት አይነሳም። ከኋላው ቀና ካላረጉት አፈር እንደቃመ ይቀራል። ጅራቱን እኛ በመጫኛ እናንሳለት።"

መካኒኩ እምቢ ብሎ ተቆጣ። አለቃው ግን ሰማዩን አየና "ይሁን" አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህን የሚናገር ሽማግሌ ግን በዚያ እርሻ ላይ አልነበረም። ከነበሩት ትልቁ ራሱ አብዱረሂም ነው።

"ጋሼ፣ ልውጣ እንዴ?" አለ ሳልህ ከክንፉ ሥር።

"ቆይ፣ ግንዱን ያዝ። ቀና ሲል ታስገባዋለህ።"

"ቢስሚላህ! ያ አላህ!" ባለግመሎቹ ጅራቱን በአንድ ትንፋሽ አነሱት። ግመል ቢሆን ኖሮ የፊት እግሩን ዘርግቶ ይቆም ነበር። ብረት ግን ጉልበት የለውም። ክብደቱ ወደ ፊት ሄደ፤ ክሪኩ ከሳንቃው ላይ ተንሸራተተ፤ ክንፉም ወረደ። ሳልህም ከሥሩ ቀረ።

አብዱረሂም አፈሩን በእጁ ይቧጥጥ ጀመር። ወታደሮቹ ጉድጓድ ክንፉን ያጋድለዋል ብለው በሰደፍ መትተው አስነሱት። መካኒኩ ማንንም ሳያይ ክሪኩን አቀና። ጥቂት አዞረ፤ ግንድ አስገባ፤ እንደገና ጥቂት አዞረ። ዝናቡ አንኮበር ላይ ቀረ፣ ቆላው ጠብታም አላየ። ለካ ጊዜ ነበር! ክንፉ ሲነሳ ሳልህን በእግሩ ስበው አወጡት። ግንዱን አልለቀቀም ነበር።

አለቃው ክንፉን ዞሮ ዳሰሰና ተናገረ። ንጉሤ ቀና ሳይል ተረጎመው።

"አልተሰበረም። ወንድምዎ ነፃ ነው፣ ይውሰዱት ብሏል።"

አብዱረሂም ግመሉን አንበረከከ፤ ወንድሙን በፎጣው ጠቅልሎ በዚያው መጫኛ አሰረው። ግመሉ እንደ ልማዱ ከኋላው ተነሳ። ሳልህ ወደ ፊት ሲንሸራተት አብዱረሂም በደረቱ ደግፎ ያዘው።