ካሜራው አይከፈትም

ዘበኛው ካሜራውን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ገልብጦ ፊቱን አየ። ቀጥሎ ደግሞ እንደ ሐብሐብ ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቱ አንኳኳው።

«ስክሪኑ የታለ?» አለ።

«ስክሪን የለውም» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ ማንጠልጠያውን ከአንገቷ ሳታወልቅ። ማንጠልጠያው አጭር ስለነበረ ዘበኛው ካሜራውን ወደ ራሱ በሳበ ቁጥር እሷም አብራ ወደ ደረቱ ትሳባለች። ከሩቅ ለሚያያቸው ተኳርፈው የሚታረቁ ባልና ሚስት ይመስሉ ነበር።

«ታዲያ ፎቶው በየት በኩል ነው የሚታየው?»

«ሲታጠብ።»

«ምኑ ሲታጠብ?»

«ፊልሙ ነዋ። ውስጡ ፊልም አለ። ፎቶ ቤት ወስጄ ሳሳጥበው ያኔ ይታያል።»

«እማማ፣ አትቀልጂብኝ። በዚህ ዘመን የሚታጠብ ካሜራ የለም። አጥፊው ብያለሁ አጥፊው።»

«እማማ የምትላት ቤትህ ትኖራለች። እኔ ገና ሃምሳ አልሞላኝም።»

ሃምሳ ከሞላት ሰንብቷል፤ ጎረቤት ስለሆንን እናውቃለን። ቢሆንም ለዘበኛ ዕድሜ አይነገርም።

ሰፈራችን «ጠቅ» እያለ የሚጠራት ይህች ሴት ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ መጋረጃ ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጣ የሰው መስኮት ስታለብስ ትውላለች። የእረፍት ቀኗ ሲደርስ ግን ያቺን አሮጌ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጀመሪያ የመጣውን አውቶቡስ ትሳፈራለች። ወዴት እንደሚሄድ አትጠይቅም። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ትወርድና በእግሯ ትዞራለች። አንድ ጊዜ ሐይቅ ድረስ ሄዳ ስትመለስ፣ ሐይቅ አይተን የማናውቅ ሰዎች ፎቶውን ለማየት ስንቸኩል፣ ፎጣ አገልድሞ ሱሪውን የሚጥፍ ጀልባ ቀዛፊ አሳየችን። «ሐይቁስ?» ብንላት «ከኋላው አለላችሁ» አለች። እውነትም ጥግ ላይ ጣት የምታህል ውሃ ነበረች። ዝናብ የመታቸው ፍራሽ ተሸካሚዎች፣ ጃንጥላ ጠጋኝ፣ መናኸሪያ ውስጥ ዶሮ አቅፋ የምታንቀላፋ ሴትዮ፤ የጠቅ ፎቶዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። ቀጥ ብሎ ቆሞ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ የሚጠብቃትን ሰው አታነሳም። በዚህ የተነሳ ሰፈር ውስጥ የተቀየሟት አሉ፤ እኔ ግን ከነሱ አይደለሁም፣ እኔን ልብስ ሳሰጣ አንስታኛለች።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። «እታለም» ትላታለች። እታለምን በልጅነቷ የፈላ ውሃ የፊቷን ግራ ጎን ልጦታል። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የሚባል ነገር አትወድም። ዘመድ ሲዳር የሴቶቹን ቦርሳ ሁሉ ሰብስባ ትይዝና ከፎቶ አንሺው ጀርባ ትቆማለች። በቤቱ አልበም ውስጥ ያልገባ ዘመድ የለም፣ እሷ ብቻ ናት የሌለችው። ጠቅም ጠይቃት አታውቅም። ቤት ውስጥ ካሜራው ሌንሱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው።

ዛሬ ጠዋት ግን እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ቀና ሳትል፣ «ማንሳት ካለብሽ አሁን አንሺ። አንዴ ብቻ» አለቻት።

ጠቅ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ካሜራውን ከግድግዳው መልሳ አዙራ አነሳቻት።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ጥሩ። በይ ዞር በይ፣ ብርሃኑን ከለልሽኝ።»

አስተዋይ ሰው ቢሆን ያን ፊልም ይዞ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤት ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ገና ጥቂት ያስነሳ ነበር፤ ለጠቅ ደግሞ ያላለቀ ፊልም አውጥቶ ማሳጠብ የመስኮቱን ግማሽ አልብሶ ደንበኛን እንደ መሸኘት ነው። ልጨርሰውና ከሰዓት አስገባዋለሁ ብላ አውቶቡስ ተሳፈረች።

መጨረሻው ፌርማታ መጋዘን የተደረደረበት መንገድ ሆነ። አንደኛው በር ላይ ዘበኛ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ቆቡ ጭኑ ላይ ተገልብጧል፤ ቆቡ ውስጥ ድመት ተጠቅልላለች። ከራሱ በላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የካሜራ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠቅ ሰሌዳውን አላየችውም። ድመቷን ካየች በኋላ ሌላ ነገር የሚታያት ሴት አይደለችም። ካሜራው ደግሞ አሮጌ ነውና ሲያነሳ የበር መቀርቀሪያ ያህል ይጮኻል። መጀመሪያ ድመቷ ዘለለች፣ ቀጥሎ ዘበኛው። አንድ እግር ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ ደረሰባት። በድንጋጤውም ከሁሉ በፊት ያደረገው ለኃላፊው ስልክ መደወል ነበር። «ግቢያችንን ፎቶ የምታነሳ ሴት ይዣለሁ» አለ። ሰው ሲደነግጥ በገዛ እጁ ገመዱን ያቀብላል።

አሁን የጥበቃ ቤቱ ውስጥ ተፋጠዋል። ዘበኛው የካሜራውን ክዳን በጥፍሩ ለመፈልቀቅ ሞከረ።

«አትክፈተው» አለች ጠቅ እጁን ይዛ። «ብርሃን ከነካው ፊልሙ በሙሉ ይቃጠላል።»

ይህን መናገር አልነበረባትም። የዘበኛው ፊት በራ።

«በሙሉ? እንግዲያው ክፈቺው።»

«ወይ ፍንክች።»

ዘበኛው በሩን መለስ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ። ተረኛው ስላልመጣ ሌሊቱንም ቀኑንም እኔው ነኝ። ያ ፎቶ ኃላፊው ዓይን ከገባ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው።»

«እኔ ለኃላፊህ ምን ብዬ አሳየዋለሁ?»

«አላውቅሽም። ምን አውቄ ልመንሽ?»

«ውስጡ እህቴ አለች።»

«እህትሽን ቤት ስትገቢ መልሰሽ አንሻት።»

«እሷ ተመልሳ የምትነሳ ሰው አይደለችም።»

«ምነው፣ ሞታለች?»

«ሟርትህን ወዲያ። ምስር እየለቀመች ነው።»

ዘበኛው ግራ ገብቶት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወዲያው ወንበሩ ያቃጠለው ይመስል ተነሳ። ጠቅ ስልኳን አወጣችና ቤት ደወለች።

«እታለም፣ ትንሽ መቆየቴ ነው።»

«የት ሆነሽ?»

«የሆነ መጋዘን በር ላይ ይዘውኛል። ካሜራውን ክፈቺ ይሉኛል።»

«ክፈቺላቸውና ነይዋ። ምሳው እኮ ቀዘቀዘ።»

«ከከፈትኩት ይቃጠላል። አንቺ አለሽበት።»



«ሳታሳጥቢው ነው የሄድሽው?»

«ትንሽ ቀርቶት ነበር እኮ…»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ድሮም አንቺ ከዘለልሽ በኋላ ነው ጉድጓዱን የምታዪው።» ጠቅ ቁጣው እስኪቀጥል ስትጠብቅ፣ የእህቷ ድምፅ ከቅድሙ ቀነስ ብሎ መጣ። «እንግዲያው እንዳትከፍቺ። ሰማሽኝ? ላየው እፈልጋለሁ።»

ጠቅ ስልኩን ኪሷ ከተተችና የካሜራውን ክዳን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያን ካሜራ ከእሷ መውሰድ ከአንገቷ ጋር መውሰድ ነበር።

ኃላፊው መጣ። ከቤቱ የተጎተተ ሰው መሆኑ ከስፖርት ቱታውና ከነጠላ ጫማው ያስታውቃል። ሁለቱንም ወደ ቢሮው አስገባና ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ሲናገር ጨዋ ነው።

«እመቤት፣ ሰሌዳውን አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

«ይሁን። ግቢውን አንስተዋል?»

«አላነሳሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያነሱት?»

ዘበኛው በሩ አጠገብ ቆቡን በእጁ ያዞራል። ጠቅ አየችው። አንድ ቃል ቢወጣት ከዚህ ክፍል ትወጣለች፤ እታለምም ትድናለች። ዘበኛው ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያቺን ቃል ይጠብቃል።

«ደስ ያለኝን ነው ያነሳሁት» አለች።

«ደስ ያለዎት ምን ነበር?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

ኃላፊው ዓይኑን በመዳፉ አሸ። «እንዲህ ከሆነ ካሜራውን ይክፈቱልን።»

«አልከፍትም።»

«ፊልሙን ብቻ አውጥተው ይተዉልን፣ ካሜራውን ይውሰዱ።»

«ካሜራውን ከፈለጉ ልስጥዎት። ፊልሙን አልሰጥም።»

«እመቤት፣ ፖሊስ ልጠራ ነው።»

«ይጥሩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ። እስኪመጣ ልቀመጥ?» አለችና ሳይፈቀድላት ተቀመጠች። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለነበረ ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ጭንቅላቷና ካሜራው ብቻ ሆነ፤ ከዚያም ሆኖ ግን ዓይኗን ከኃላፊው ላይ አላነሳችም።

ኃላፊው ስልኩን አንስቶ ቁጥር መምታት ጀመረ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። መልሶ ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ግቢውን አላነሳችም። እኔን ነው።»

«አንተን?»

«ተኝቼ።»

«ማን ተናገር አለህ?» አለች ጠቅ ወደ ዘበኛው ዞራ። እስካሁን ያልተቆጣችውን ያህል ተቆጣች። «እኔ እዚህ ጥርሴን ነክሼ…»

«ፖሊስ ሲመጣ የባሰ ነው» አለ ዘበኛው። «ላንቺም ደስ አይልም።»

ኃላፊው ስልኩን አስቀመጠ። «ተኝተህ።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጫማህስ?»

«አውልቄ።»

የድመቷን ነገር ግን አላነሳም። ሰው ሁሉንም ኃጢአቱን በአንድ ቀን አይናዘዝም።

«ሁለት ፈረቃ ነው የዋለው» አለች ጠቅ። «ተረኛው ስላልመጣ።»

«እሱ የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው» አለ ኃላፊው። አሁን ፊቱ ላይ ድካም አልነበረም፤ መፍትሔ ያገኘ ሰው ፊት ነበር። ወደ ጠቅ ጎንበስ አለ። «እመቤት፣ ስላንገላታንዎት ይቅርታ። ነገሩ ከእርስዎ ጋር እንዳልሆነ ገባኝ። ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ፣ ማንም አይነካብዎትም። ፊልሙን ያሳጥቡና የእሱን ፎቶ አንድ ቅጂ ብቻ ያምጡልኝ። የቀረው የራስዎ ነው።»

«ለምን ፈለጉት? ራሱ ነገረዎት አይደል?»

«ዛሬ ይላል፣ ነገ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ይክዳል። ወረቀት ላይ የሌለ ነገር እኛ ዘንድ የለም። እሱን አሰናብቼ በምትኩ ሌላ ሰው ለማስገባት ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

ዘበኛው ዘወር ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ውጭ የሚታየው የራሱ ባዶ ወንበር ነበር።

ጠቅ የፈለገችው ሁሉ እጇ ገብቷል። «እሺ» ማለት ብቻ ነው የቀራት፤ እሺ ማለት ደግሞ አፍ አይሰብርም። እሺ ብሎ ወጥቶ አለመመለስም አለ፤ እኛ ብንሆን እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ኃላፊው ግን የሰው ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው።

«መታወቂያዎን እዚህ ይተዉልኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «ፎቶውን ሲያመጡ ይወስዳሉ።»

መታወቂያ ማውጣት ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ያልተሰለፈ አያውቀውም። ጠቅ ያሁኑን ያገኘችው ከሥራ እየቀረች፣ በአንዱ መስኮት «ነገ ነይ»፣ በሌላው «ሲስተም የለም» እየተባለች፣ ነጠላዋ ፀሐይ መትቶት ቀለሙ እስኪሄድ ተመላልሳ ነው። ያለ እሱ ደመወዝ ከባንክ አይወጣም፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስም ቲኬት አይሰጥም፤ ያ ሐይቅ ለሚመጣው ብዙ ጊዜ ቀረ ማለት ነው። ቦርሳዋን ከፍታ አወጣችው። ጥቂት አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ በኃላፊው በኩል ቀና አድርጋ አስቀመጠችው።

«መቼ ልጠብቅዎት?»

«አይጠብቁኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላመጣም ማለት ነው።»

ኃላፊው መታወቂያውን አየ፣ እሷን አየ። «መታወቂያዎስ?»

«እዚሁ ይቀመጥ» አለች ጠቅ ከወንበሩ እየተነሳች። «ፎቶ ከፈለጉም እሱ ላይ አለልዎት።»

ካሜራዋን አቅፋ ወጣች።