የወንድዬ ረድፍ

የኮልፌ 18 ማዞሪያ እድር «ካልዘመንኩ ሞቼ እገኛለሁ» ያለው በዚህ ክረምት ነው። ድሮ ድንኳን ለማውጣት የሊቀመንበሩ የጋሽ መገርሳ ቁልፍ ይበቃ ነበር። አሁን አባሉ ከነቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ ባለ የመረጃ ቋት መመዝገብ አለበት፤ ሰውዬው «የሞተ» ተብሎ ካልተሞላ ድንኳኑም ወንበሩም ከመጋዘን አይወጣም። ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው፤ ሞቶም ፎርም።

ድሮ የተመዘገበውን ወደ አዲሱ ቋት የማስገባቱ ሥራ የወደቀው ራዕይ ላይ ነበር። አካውንቲንግ የተማረች፣ ኤክሴል የምትችል፣ በዚያ ላይ የአባሏ የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጅ። እሷም ቅር አላላትም፤ የራሷ ጉዳይ ነበራት። ወንድሟ ወንድዬ ከሊቢያ ደውሎ «ነገ ባሕር እንገባለን» ካለ ስምንት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እናቷ ግን አልሞተም እንዳለች ነው። የውጭው በር ሳይቀረቀር ያድራል፤ የሰፈሩ ሌባ እንኳ አዝኖላት መሰለኝ ያንን በር ነክቶት አያውቅም። ራዕይን ይህ በር አስመርሯታል። እናቷ ቁርጧን አውቃ፣ አልቅሳ፣ እርሟን አውጥታ፣ እንደ ሰው እንድትኖር ትፈልጋለች። ስለዚህ ከጋሽ መገርሳ ጋር ተማከረች፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ሊያረዷት፣ ድንኳኑም ያን ጠዋት ሊተከል ተስማሙ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ራዕይ ሳሎን ላፕቶፗን ከፍታ ተቀመጠች። እናቷ ጓዳ ምስር ትለቅማለች።

የድሮው መዝገብም ኢንተርኔት ላይ ያለ ሠንጠረዥ ነው። ከደብተር ገልብጦ በራሱ ኢሜይል የከፈተው ወንድዬ ነበር፤ ለእህቱና ለጋሽ መገርሳ አጋርቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የሠንጠረዡን ባለቤትነት ከስሙ የቀየረ የለም። ከዚያ አውርዶ አዲሱ ቋት ላይ መጫን ቀላል ይመስላል፤ የሞከረ ያውቀዋል። መጀመሪያ የአማርኛው ፊደል በሙሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ገባ። የፋይሉን ዓይነት ቀየረችው። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሮቹ መነሻ ዜሯቸውን በሉ፤ ዓምዱን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ለወጠችው። ከዚያ ደግሞ ቋቱ ጳጉሜ የተወለዱትን አላውቃችሁም አለ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እነሱንም እንደ ምንም አስገባቻቸው። በመጨረሻ ሁሉም ገብቶ አንድ ረድፍ ብቻ ተመለሰ። የወንድዬ። «ሁኔታ የሚለው ቦታ ባዶ ነው» ይላል።

እውነቱን ነው። እናቷን በመፍራት እስከዛሬ ማንም አልሞላውም። ራዕይ ሠንጠረዡ ላይ «የሞተ» የሚለውን መረጠች። ዕንባ አልመጣትም። ደግማ ጫነችው። ተመለሰ። አሁንም ባዶ ነው ይላል፤ ሠንጠረዡን ብታየው እውነትም ባዶ።

ኔትወርኩን በሆዷ ረግማ እንደገና ሞላች። ጠፋ። ረድፉን ከነጭራሹ ሰርዛ አዲስ ጻፈች፤ «የሞተ» ብላ ዓይኗን ተክላ ጠበቀች። እያየችው ጠፋ።

«እማዬ፣ ስልኬን ነክተሻል እንዴ?»

«የምን ስልክ? እጄ ምስር ውስጥ አይደል!» አለች እናቷ ከጓዳ።

ለጋሽ መገርሳ ደወለች። «ጋሼ፣ ሠንጠረዡን ከፍተውት ነው?»

«ኧረ እኔ ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነኝ። ምነው፣ ለነገው ችግር አለ?»

«የለም» አለች።

ማን ምን እንደነካ የሚያሳይ የለውጥ ታሪክ የሚባል ቦታ አለ። ከፈተችው። የእሷ ስም፣ ከሥሩ ሌላ ስም፤ የእሷ ስም፣ ከሥሩ ያው ስም። ወንድዬ። ወንድዬ። ወንድዬ።

ኢሜይሉን የሰረቀ ሌባ ነው፣ አለች ለራሷ። ግን እንዲህ ያለ ሌባ የኮልፌ እድር ምን ያደርግለታል? ድንኳን ሊያከራይ ነው?

ይህን ስታስብ ባዶው ቦታ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆነ፤ አናቱ ላይ የወንድሟ ስም ተለጥፏል። ሌላ ሰው አብሮ ሠንጠረዡን ሲከፍት የሚመጣ ምልክት ነው፤ ቢሮ በየቀኑ ታየዋለች። እንዲህ ፈርታው ግን አታውቅም።

ጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ላይ «ወንድዬ?» ብላ ጻፈች።

አረንጓዴው ምልክት ተነስቶ መጥቶ ስሙ ላይ ቆመ።

ስምንት ዓመት ሙሉ «ሞቷል፣ ተዪው» እያለች እናቷን ስትሞግት የኖረችው ራዕይ በአንድ አፍታ ሌላ ሰው ሆነች። ጣቶቿ እየተጋጩ ጻፈች፦ «የት ነህ? አለህ አይደል? እማዬ ደህና ናት። ነገ ሊያረዷት ነው፤ ጥሩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። አስቀራቸዋለሁ። ብቻ አለሁ በል።»

ጠበቀች። ዝናቡ አባራ፤ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ከማዞሪያው ተሰማ። መልስ የለም። አረንጓዴው ምልክት ግን አልሄደም።

«እሺ» ብላ ጻፈች፤ «አንተው ሙላው።» እጇንም ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

ምልክቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ምርጫው ሁለት ብቻ ነው። ራዕይ «በሕይወት ያለ» የሚለውን በልቧ እየጻፈችለት ነበር።

«የሞተ» ብሎ ሞላ።

አጠፋችው። ተመልሶ ተሞላ። አጠፋችው። ተሞላ። «እምቢ!» አለች፤ ጥፍሯን እስኪያማት ቁልፉን ወጋችው። እንደገና ተሞላ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። ወንድዬ ድሮም ከእሷ ጋር ሲጣላ አይጮህም ነበር። መጀመሪያ ለምን እንዳጠፋባት ያን ጊዜ የገባት መሰላት፤ ያለ ዕንባ የተጻፈ ሞት አልቀበልም ያላት መሰላት። ለማጥፋት የዘረጋችው ጣቷ ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ። አረንጓዴው ምልክትም ደብዝዞ ሄደ።

መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ልጅ እናቷን አታረዳም። ራዕይ ይህን ታውቃለች። ግን እሪታው ሳታስበው ከሆዷ ወጣ፤ ስምንት ዓመት ሲጠራቀም የኖረ እሪታ፣ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት የሚሰማው። እናቷ ሰፌዱን እንደያዘች ከጓዳ መጣች። ላፕቶፑን አላየችም፤ ልጇን ብቻ አየች።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ።»

እናቷ ሰፌዱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። እንዴት አላለችም፤ የት አላለችም፤ አብደሻል አላለችም። ሄዳ በሩን ቀረቀረችው፤ ተመልሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከልጇ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«በርዶት ነበር?» አለቻት።