በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ያለችው ሴት

የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ከገባ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስገባ የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

የሄድኩት ለልጅ ልጄ ለሚሮን ልለምን ነበር። አምስት ወሩ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ የሞራ ግርዶሽ አለ። ሰኞ ጠዋት ኢራክሊዮ ከተማ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው። በእኛ መንደር ደግሞ የዓይን ነገር የቅድስት ፓራስኬቪ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ተሥላ፣ ሁለት ዓይኖች ያሉበት ሳህን ይዛ፣ በሻማ ጭስ ጠቁራ ቆማለች። የራሷን ዓይኖች ሴቶቹ ፍቀን ጨርሰናቸዋል። ኖራውን በጠበል በጥብጠን የታመመውን ሰው ዓይን እናጥብበታለን። እኔም ልጄ ገና ሳትጠመቅ ዓይኗ በመግል ሲደፈን በፀጉር ማስያዣዬ ፍቄያለሁ። ልጄ ዳነች። የአማቴን ስም ልትወርስ ሲገባት ፓራስኬቪ ተባለች፤ አማቴም እስክትሞት ኩርፊያዋን አልተወችም።

ሥዕሎቹን የሚያጸዳው ክሌንቲስ መወጣጫው ላይ ሆኖ ከሥዕሏ ላይ ጭሱን በጥጥ ያብሳል።

"እትዬ ጋሪፋሊያ፣ ይምጡ እስቲ! ግን ይኼን ዓይን የፋቀውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው..."

ሻርፔን ወደ ፊት ሳብኩ።

"ቅድስቷን ምን አደረግካት?" አልኩት።

"ቅድስት አይደለችም። አክሊለ ብርሃን የመሰለን የራሷ ነጭ ሻሽ ነው፤ ጭሱ ነው ክብ ያስመሰለው። ሳህን ያልነውም ይኸው፣ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱ ዓይኖች መስኮቶቹ ናቸው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች የመንደር ሴት ናት፣ ሠርታ ለእግዚአብሔር እየሰጠችው ነው። ካሊ ትባላለች። እግሯ ሥር ተጽፏል።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ቄስ ሚናስን አስጠራኋቸው።

"አባ፣ ታዲያ ልጄን ማን ነው ያዳናት?"

"እግዚአብሔር ነዋ።"

"እሱንማ አውቃለሁ! በማን በኩል ነው የምልዎት?"

አባ ጢማቸውን አሹ። "ቅድስት ፓራስኬቪ ሰምታሽ ይሆናል፣ የትም ሆነሽ ብትጠሪያት።"

"ፊቴን ወደ ሌላ ሴት አዙሬ?"

ግራ ገባኝ። እናቴ እዚህ ስታለቅስ የሰማት ማን ነበር? ለስንት ጊዜ ነው የአንዲት የሞተች ሴት ዓይን ስንፍቅ የኖርነው?

ልጄ ሚሮንን ታቅፋ ገባች። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች።

"እማ፣ እኔ ታዲያ ካሊ ልባል? አያቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትጨፍራለች!" ከዚያ ልጁን አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ለሰኞ ማንን ልለምን ታዲያ? ንገሪኛ!"

ተናደድኩ። በክሌንቲስ፣ በጥጡ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ ተናደድኩ።

"ጽሑፉን አንብበው" አልኩት ለክሌንቲስ። "ሙሉውን።"

መብራቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። "ጌታ ሆይ፣ ኃጢአተኛ አገልጋይህን ካሊን አስባት። የምታዩኝም ሁሉ፣ ስለ ክርስቶስ ብላችሁ ጸልዩልኝ።"

ሚሮን መብራቱ ወዳለበት ፊቱን እያዞረ ይነጫነጫል። እኔን ሐፍረት ያዘኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጪኝ ስላት፣ እሷ ከእግሯ ሥር ጸሎት ብቻ እየለመነችኝ ነበር። ጽሑፉን የሸፈነውን ጭስ ያጨስነው ደግሞ እኛው ነን።

ማታ ለእሑዱ ቅዳሴ ኅብስቱን ጋገርኩና እንደ ወትሮው አባ በጸሎት የሚጠሩትን የስም ወረቀት አወጣሁ። በአንድ በኩል ሕያዋን፣ በሌላው ሙታን። ከሕያዋን ሚሮንን አስቀደምኩ። ካሊ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሙታን ውስጥ ከጻፍኳት፣ ልጄ ስትታመም ማንም አልሰማኝም ማለት ነው? ሕያዋን ውስጥ ብጽፋት ደግሞ አባ ሚናስ አበደች ይሉኛል። በመጨረሻ ሙታን ውስጥ፣ ከእናቴ ስም ቀጥሎ ጻፍኳት።

እሑድ አባ የእናቴን ስም ጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው "ካሊ" አሉ። ልጄ ሚሮንን ታቅፋ አጠገቤ ነበረች። እኔ ዓይን በሌላት ሴት ፊት ቆሜ፣ ትስማኝ አትስማኝ ሳላውቅ፣ በለሆሳስ ነገርኳት።

"የአንቺን አድርሻለሁ፣ እህቴ። የልጁ ነገ ጠዋት ነው።"