በሩን የዘጋው ሰው

በእኛ ሸለቆ ከሰው ይልቅ አሳማ ይበዛል። ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ሲነፍስ ማን ምን እንደሚያረባ አፍንጫ ይነግራል። ሳንግጉ ከሚስቱ ከኦክሲም ጋር ከሸለቆው ራስጌ ላይ አሳማ ሲያረባ የኖረ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ጥንቃቄው የበዛ ሰው ነው። ከተራራው ማዶ አንድ አባትና ልጅ የፍግ ጉድጓድ ውስጥ ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ጥንቃቄው ጭንቀት ሆነ። መጀመሪያ የገባው ልጁ ነበር። ጋዙ ሲጥለው አባትየው ሊያወጣው ተከትሎ ገባ። ሁለቱም አልወጡም።

ሳንግጉ ከለቅሶ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ብሩሽ ያዘና በራሱ ጉድጓድ የብረት በር ላይ በቀይ ቀለም ጻፈ፦ «መጀመሪያ ማናፈሻ፣ ከዚያ ሰው።» ጉድጓዱ ከበረቱ ሥር ያለ የሲሚንቶ ክፍል ነው። በደረጃ ይወረዳል፤ የአሳማው ፍግ ሁሉ እዚያ ይጠራቀምና በፓምፕ ይወጣል። ትልቁ ማናፈሻ ቀድሞ ካልሠራ የታችኛው አየር ሰው ይገድላል።

ጽሑፉ አልበቃውም። ከሠራተኛው ከኬሻብ ጋር ልምምድ ጀመረ። ኬሻብ ከኔፓል መጥቶ ዓመታት አብሯቸው የሠራ ጎልማሳ ነው። ቋንቋችንን ሲናገር ቃል ይሰባብራል እንጂ ነገር አያበላሽም።

«እኔ ውስጥ ብወድቅስ?» ይለዋል ሳንግጉ፣ በሩ ሥር ቆሞ።

«ማናፈሻ አበራለሁ። እሳት አደጋ እደውላለሁ። በር ላይ እቆማለሁ።»

«ስምህን እየጠራሁ ብለምንህስ?»

«አልገባም።»

«ኦክሲም እያለቀሰች ብትመጣስ?»

ኬሻብ ወደ ኦክሲም ዞር ብሎ ያይና አፍሮ ይስቃል። «አላስገባም፣ አለቃ።»

«አትሳቅ! አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተከተለ ነው ቤት የሚጠፋው።»

«እናንተ ተዋንያን!» ትጮኻለች ኦክሲም ከወጥ ቤት። «ጨርሳችሁ ከሆነ ሩዙ ቀዝቅዟል!»

የሳንግጉ ታናሽ ወንድም ጆንግቴ በበኩሉ አንድ ቀን እንኳ ልምምዱ ላይ አልቆመም። «ወንድሜ ሲወድቅ ቆሜ የማይ ይመስልሃል? እንዲህ ያለ ትምህርት ለፈሪ ነው» ብሎ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት፣ በረዶው ለቆ ማሳው ፍግ በሚጠብቅበት ሰሞን፣ ሳንግጉና ኬሻብ ተጣሉ። የኬሻብ እናት ታማ ነበርና ልሂድ አለ። ሳንግጉ ግን የሚወልዱት አሳማዎች ብዙ ስለነበሩ ወልደው እስኪጨርሱ ቆይ አለው። ኬሻብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አሳማ እናት አለው፣ እኔ እናት የለኝም ወይ?» ሲል መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ ሰማ። በእኛ መንደር አንድ ሰው የሰማው ነገር እራት ሳይደርስ የሁሉም ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ሊቀመንበር የአቶ ፓንግ እናት ሰማንያ ዓመት ሞላቸውና በመንደሩ አዳራሽ ድግስ ሆነ። ከዋና ከተማው ከሶል ድረስ ዘመድ መጣ። ሙዚቃው፣ የሩዝ ጠላው፣ ሳቁ ሌላ ነው። ኦክሲም ከሴቶቹ ጋር ስጋ ስታገላብጥ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ! አለቃ ጉድጓድ ወደቁ። እሳት አደጋ ደውያለሁ። ይምጡ፤ ግን አይግቡ!»

መቆንጠጫው ከእጇ ወደቀ። ጆንግቴ ፊቷን አይቶ ብቻ ብድግ አለ። አቶ ፓንግ በመኪናው ይዟቸው ወጣ።

ሲደርሱ ማናፈሻው እያጓራ ነበር። ኬሻብ የብረት በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ የት አለ?» ጆንግቴ እየሮጠ መጣ።

«ውስጥ። ጋሼ ጆንግቴ፣ አይግቡ! አየር ገና መጥፎ ነው!»

«ከበሩ ዞር በል!»

«አልዞርም!»

ጆንግቴ ኮሌታውን አነቀው። ኬሻብ በጉልበቱ መታውና ጣለው፤ እላዩ ላይ ወድቆ ያዘው፤ ጆንግቴ እጁን ቢነክሰውም አልለቀቀውም። ኦክሲም ወደ በሩ ስትሮጥ በአንድ እጁ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ አስቀራት። «እትዬ፣ አለቃ አላስገባም በል ብለውኛል! አለቃ ናቸው ያሉት!» እያለ ይጮሃል። እሷም በጥፊ ትመታዋለች፤ አይለቅም። አቶ ፓንግ ከመኪናው አጠገብ እንደ ግንድ ደርቆ ቀረ።

የእሳት አደጋ ሰዎች የአየር ጋን ጀርባቸው ላይ አዝለው ገቡ፣ ሳንግጉንም አወጡት። ደረጃው ላይ ከፍ ብሎ በመውደቁ እስትንፋሱ አልተቋረጠም ነበር። አምቡላንሱ ከኦክሲም ጋር ይዞት ሄደ።

ሳንግጉ ሳይነቃ ቀናት አለፉ። ፖሊስ መጥቶ ጠየቀ። በሩን መዝጋቱን የእሳት አደጋው ኃላፊ ራሱ ልክ ነው አለ፤ «ወንድምየው ቢገባ ሁለት ሬሳ ነበር የምናወጣው» አለ። ያኛው ነገር በዚህ ተዘጋ። ያልተዘጋው ሌላ ነበር። ሳንግጉ ሲገባ ማናፈሻው ለምን አልሠራም? ማብራት የኬሻብ ሥራ ነው።

«አለቃ ዛሬ አታብራ አሉኝ» አለ ኬሻብ። «ፓምፕ ተደፍኖ ነበር። ፍግ ወደ ግልገሎቹ እየወጣ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ቶሎ እመለሳለሁ አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። እሳቸው ገቡ። ሲወድቁ አበራሁ።»

«ለምን አታብራ አለህ?»

«አላውቅም።»

«በሩ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ራሱ አይደለም እንዴ?»

«ራሳቸው ናቸው።»

ፖሊሱ ወደ ኦክሲም አየ፣ ኦክሲም ወደ ጆንግቴ። አቶ ፓንግ እንደ ሊቀመንበርነቱ አብሮ ተቀምጦ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ይናገራል» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ፖሊሱ ነገሩ እስኪጣራ ኬሻብ ከወረዳው እንዳይወጣ ነግሮት ሄደ።

መንደሩ ግን ቀሪውን ሞላው። እንደዚያ ያለ ጠንቃቃ ሰው የገዛ ሕጉን ይሽራል? ደግሞስ በዚያው ሰሞን አልተጣሉም? እናቱን እንዳያይ ከልክሎት አልነበር? አዳራሹ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ኬሻብ ሲያልፍ ካርታቸውን ጣል አድርገው ዝም ይላሉ፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ። ጆንግቴማ በግልጽ ተናገረ። «በሩን የዘጋው ለወንድሜ እንዳንደርስለት እንዳይሆን! እትዬ፣ ይሄን ሰው ከቤትሽ አስወጪ።»

«አስወጥቼስ? አሳማዎቹን አንተ ታበላቸዋለህ?»

እርባታው ያለ ኬሻብ አንድ ቀን አያድርም። ኦክሲም ስለዚህ ከምትጠረጥረው ሰው ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ትሠራ ጀመር። እሱ የነካውን ማብሪያ ሄዳ ትፈትሻለች። መኖ ሲያቀላቅል እጁን ታያለች። ከቤት ውስጥ ያለውን ቢላ ሁሉ ወደ መኝታ ቤቷ አስገባች። ቀድሞ ከአንድ ገበታ ይበሉ ነበር፤ አሁን ሩዙንና የኮመጠጠውን ጎመን፣ ኪምቺውን፣ በሳህን አድርጋ በረንዳው ላይ ታስቀምጥለታለች።

ኬሻብ ይህን ሁሉ አየ። አንድም ቀን ለምን አላለም። ነገር ግን አንድ ልማድ አመጣ። የሚያደርገውን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ጮክ ብሎ ይናገራል።

«እትዬ፣ ማናፈሻ ላበራ ነው፤ ይምጡ ይዩ።»

«እትዬ፣ የመድኃኒቱን ሳጥን ልከፍት ነው፤ ቁልፉን እርስዎ ይክፈቱ።»

ትመጣለች፤ ታያለች። ሁሉም ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን ልቧን አላሳረፈውም፤ ሌባም ሲታይ ጨዋ ነው ትላለች ለራሷ። አንዳንዴ ደግሞ እጁ ላይ የቀረውን የጆንግቴን የጥርስ ጠባሳ ታያለች። ነፍስ ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ሌላ ነፍስ ለማትረፍ እንዲህ ይነከሳል? ይህን አስባ ሳትጨርስ፣ ታዲያ ማናፈሻውን ለምን አላበራም የሚለው ይመለስባታል።

ሳንግጉ ነቃ። ሚስቱን አወቃት፣ ወንድሙን አወቀው። ኦክሲም የሐኪሙን ክልከላ እንኳ አልጠበቀችም።

«ማናፈሻውን አታብራ ያልከው አንተ ነህ?»

«የቱን ማናፈሻ?»

«የጉድጓዱን! የገባህ ቀን!»

«ጉድጓድ ገባሁ እንዴ?» አለ።

ጋዙ ያን ቀን ከነጠዋቱ ከአእምሮው ወስዶበታል። ሐኪሙ ትዝታው ላይመለስ ይችላል አለ። ኦክሲም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባሏ ድኗል፤ ጥርጣሬዋ ግን ከእንግዲህ ዳኛ የለውም።

ነገሩ የወጣው ማንም ባላሰበው በኩል ነው። የድግሱ ቀን ከኦክሲም ቤት የሄዱ ትላልቅ ድስቶች ፓንግ ቤት ቀርተው ስለነበር ልታመጣ ወረደች። የፓንግ ሚስት ቡንሱን አፏ ሰፊ፣ ልቧ ግን የዋህ የሆነ ሴት ናት። ድስቱን እየወለወለች ታጽናናት ጀመር።

«ባልሽ እኮ መልካም ሰው ነው፣ እህቴ። ያን ቀን የሶል እንግዶች ‹አሳማ አሳማ ይሸተናል› እንዳይሉን ስንት ተጨንቀን! ባሌ ደውሎ ሽታውን ወደ ታች የሚነፋውን ማናፈሻ ለዛሬ ብቻ ተወው ቢለው ያለ አንድ ቃል እሺ አለ። ሽታ የሚባል ሳይደርስብን እንግዶቹን ተቀበልን፤ አማቴም...»

ቡንሱን የኦክሲምን ፊት አየችና ጨርቁ እጇ ላይ ቆመ።

«ማን ነው የደወለው?» አለች ኦክሲም።

«ማለቴ... አላወቅሽም እንዴ? ባሌ ነግሬያታለሁ ብሎኝ...»

ኦክሲም ድስቱን ጥላ ወጣች። አቶ ፓንግ አዳራሹ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። ጆንግቴም እዚያው ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች፤ በእኛ አገር ይህ ብቻውን ስድብ ነው።

«ሊቀመንበር፣ የድግሱ ጠዋት ለባሌ ደውለሃል?»

አቶ ፓንግ ካርታውን ገልብጦ አስቀመጠ። ለመካድ ሞክሮ ነበር፤ ከኋላዋ እያለከለከች የደረሰችውን ሚስቱን ሲያይ ተወው።

«ደውያለሁ። ማናፈሻውን ተው አልኩት እንጂ ጉድጓድ ግባ አላልኩትም።»

«ያ ሰው ፖሊስ ፊት ‹አለቃ አታብራ አሉኝ› ሲል አጠገቡ ተቀምጠህ አልነበር?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አልጠየቀኝም? ‹ሰው ሲደነግጥ ብዙ ይናገራል› ያልከውስ ተጠይቀህ ነው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ተው ፓንግ፣ ይሄ ነውር ነው» አለ። እሱ ራሱ ኬሻብ ሲያልፍ ካርታ ሲጥል የነበረ ሰው ነው። ጆንግቴ ተነሳ።

«ና ውጣ። መኪናህን አስነሳ። ፖሊስ ጣቢያ አብረን ነው የምንሄደው።»

አቶ ፓንግ ሄደ፤ ቃሉን ሰጠ። የኬሻብ ጉዳይም በዚያው ተዘጋ። ዝም ያለበትን ምክንያት ሲናገር ግን ፈርቼ ነው አለ እንጂ በድያለሁ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም።

ኦክሲም ወደ ቤት ስትመለስ ኬሻብ የግልገሎቹን ጋጣ እየጠረገ ነበር። ሲያያት መጥረጊያውን አቆመ። «እትዬ፣ ውሃ ልከፍት ነው፤ ይዩ» አለ።

«አላይም» አለችና ሁሉንም ነገረችው። ሊቀመንበሩ እንደደወለ፣ እንደደበቀ፣ እንዳመነ።

«ይቅር በለኝ» አለች በመጨረሻ።

«እትዬ፣ እኔ ነግሬዎት ነበር» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ውሃውን ከፈተና መጥረጉን ቀጠለ። ኦክሲም ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ያን ዕለት ገበታው አንድ ሆነ፤ ወሬ ግን አልነበረውም። በማግስቱ ለኔፓል የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠችለት። አሳማዎቹን ጆንግቴ ተረከበ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ብረት በሩ ሥር ቆሞ፣ «ብወድቅስ?» የሚለውን ትምህርት ከኬሻብ አፍ ተማረ። «ፈሪ ነው ይሉዎታል፤ ቢሉ ይበሉ» አለው ኬሻብ።

ከመሄዱ በፊት ሳንግጉን ሊሰናበት ሆስፒታል ገባ። ሳንግጉ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር። «ያን ቀን ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለው። ኬሻብ ነገረው፤ ሊቀመንበሩ እንደደወለ፣ ፓምፑ እንደተደፈነ፣ ሳንግጉ አታብራ እንዳለው፣ ኬሻብ እጁን ይዞ አይሆንም ቢለው ገፍቶት እንደወረደ። ሳንግጉ የማያውቀውን ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰማ።

«እንዴት ያለ ደደብ ሰው ነው!» አለ ሲያበቃ።

ኬሻብ ሳቀ፤ ኦክሲም ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ሲስቅ አላየችውም ነበር።

እናቱ በሕይወት ሳለች ደረሰላት። በመኸር ወደ አገራችን ተመለሰ፤ ነገር ግን ወደ ሳንግጉ እርባታ አልመጣም። ከወንዙ ማዶ እንጉዳይ የሚያበቅሉ ሰዎች ጋር ገባ። ኦክሲም ለምን ብላ አልጠየቀችም። በበዓል ጊዜ ፍሬ ይዞ ወደ እነ ሳንግጉ ቤት ይመጣል፤ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። አመሻሹ ላይ ወደ አዲሱ ሥራው ይመለሳል።